የቢራቢሮዋ የልጅ ልጆች

 

አገር ቤት ክረምት ነው፤ እዚህ እንግሊዝ ግን በጋ። ሰሞኑን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ደቡቡ ባሕር ዳርቻ ከወጣችሁ፣ ኮሸሽላው ላይ የምታርፈውን ብርቱካናማ ቢራቢሮ ፈልጓት። የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ አለው። እንግሊዞቹ «ፔይንትድ ሌዲ» ይሏታል። ዘሯ ከአፍሪካ ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. በሚሊዮን እየሆኑ ብሪታንያ ገብተው ነበር። ብርዱ ሲመጣ የት እንደሚገቡ ግን ለረጅም ጊዜ እንቆቅልሽ ነበር። በራዳር ሲታዩ፣ ለካስ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ወደ ደቡብ ይበራሉ! ከሰሃራ ወዲያ፣ እኛው አገር ኢትዮጵያም ውስጥ ተገኝተዋል። ደርሶ መልሱ እስከ 15,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የአንዷ ዕድሜ ግን የሳምንታት ነው። የተነሳችው አትመለስም፤ ጉዞው እስከ ስድስት ትውልድ ይፈጃል። የምትመለሰው መንገዱን አይታው የማታውቅ የልጅ ልጅ ናት።

ማን አሳያት? ፊርዐውን «ጌታችሁ ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሙሳ (ዐ.ሰ) የመለሱት ይህንኑ ነበር፤ ለሁሉም ነገር ተፈጥሮውን ሰጥቶ ከዚያ የመራው ነው አሉ። ሱብሓነላህ።

ወፎቹንም ተመልከቱ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ተወኩል ሲያስተምሩ ወፍ ጠዋት ተርባ ወጥታ ማታ ጠግባ እንደምትመለስ ነግረውናል። ልብ በሉ፣ ወጥታ ነው። ይህ ለእኛ ለስደተኞች አዲስ አይደለም። በሌሊት ፈረቃ እንወጣለን፣ ለእናት ለአባት እንልካለን፤ አልሐምዱሊላህ።

የከበደን ሌላው ነው። ልጅ በፊጥራ ይወለዳል፤ ፋቲሓውንና ሶላቱን ግን ከእናትና ከአባቱ ነው የሚቀበለው። ቢራቢሮዋ አስተማሪ አላስፈለጋትም፣ እሱን ያስፈልገዋል። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ሞት ሲቀርባቸው ልጆቻቸውን ስለ ከብትና ስለ መሬት አልጠየቁም፤ ከእኔ በኋላ ማንን ትገዛላችሁ አሉ እንጂ። ከእኛ መካከል አገር ቤት ፎቅ የጨረሰ አለ። ልጁ ግን ከአባቱ ጎን ቆሞ የሰገደበትን ቀን ቢጠየቅ አያስታውስም። አባት ሥራ ላይ ነው፣ ለልጁ ብሎ!

እንግዲህ ባሕር ዳር ከሄዳችሁ አይቀር መስገጃ ያዙ። ዐስር ሲደርስ ልጁ አዛን ያድርግ። ቢሳሳትም አታቋርጡት፣ ይጨርሰው።