«ጥቂቱ ለደም ይበጃል» ስለሚባለው ነገር



በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ የገብስ ጠላ ያልቀረበበት ሠርግ ወይም ተዝካር ማግኘት ብርቅ ነው። ጠማቂዋ ሴት ናት፤ እንግዳው ሳይጠራጠር እንዲጠጣ በመዳፏ ጠብ አድርጋ አስቀድማ የምትቀምሰውም እርሷው ናት። ከእነዚህ እናቶች አንዷ ባሕር ዳር ሄዳ ተመርምራ ኮሌስትሮሏ ከፍ ማለቱ ተነገራት። ስትመለስም «አባ፣ በየማታው አንድ መለኪያ አረቄ የደሙን ስብ ያጥባል ይሉኛል፤ እውነት ነውን? ብጠጣስ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ስትል ጠየቀችን። እኛም ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ መምከሩን አስታውሰን፣ «ካልሰከርሽ ምን ኃጢአት አለው» ብለን አሰናበትናት። ከሁለቱ ጥያቄዎቿ የመለስነው የሚቀለንን ብቻ ነበር።

ወሬው ከሜዳ የተነሣ አይደለም። መጠነኛ አልኮል በሴቶችም በወንዶችም ደም ውስጥ «ጥሩ» የሚባለውን ኮሌስትሮል በጥቂቱ ከፍ እንደሚያደርግ በምርምር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ፈረንሳውያን ስብ እየበሉ ልባቸው የሚጠበቀው በቀይ ወይን ነው የሚለው አስተያየት ዓለምን ሲዞር ብዙዎች በደስታ ተቀበሉት። ሰው የሚወደውን ነገር መድኃኒት ነው ሲሉት ማስረጃ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ የቍጥሩ ከፍ ማለትና የልብ ጤና አንድ ሆነው አልተገኙም። ይህንኑ ኮሌስትሮል እጅግ ከፍ ያደርግ የነበረው ቶርሴትራፒብ የተባለ መድኃኒት፣ በወሰዱት ሕሙማን ዘንድ ሞት በመብዛቱ ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2006 ተቋርጧል። በአንዳንድ የቀድሞ ጥናቶችም «የማይጠጡ» ከተባሉት መካከል ታመው መጠጥ የተዉ ስለ ነበሩባቸው፣ ከእነርሱ ጋር የተነጻጸሩት ጠጪዎች ጤናማ መስለው ታዩ።

ለሴት ደግሞ ሒሳቡ ይከብዳል። በሰውነቷ ያለው ውኃ ከወንድ ስለሚያንስ፣ እኩል ቢጠጡ በደሟ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል። ጥቂት መጠጥ እንኳ የጡት ካንሰርን አደጋ ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ለጤና አደጋ የሌለው የአልኮል መጠን የለም ብሏል።

ደግሞስ «መጠን» የምንለውን በምን እንለካዋለን? የአረቄውን ብርጭቆ «መለኪያ» ብለን ሰይመነዋል፤ ነገር ግን አረቄው ከቤት ቤት ብርታቱ ይለያያል፤ ጠላውም ከወፍራሙ እስከ ቅራሪው አንድ አይደለም። በድግስ ቀን በመዳፏ የቀመሰችውንስ ማን ቈጠረላት?

ይህን የምንለው ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታስተምረውን እናት ለመኰነን አይደለም። የሚያሳስበን የራሳችን አንደበት ነው። የማያውቁትን መድኃኒት ነው ማለት በሐሰት መመስከር ይሆን? አስበን አልዋሸንም። ሆኖም ካህን ስለ ነፍስ ሲናገር የሚሰማው ሰው፣ ስለ ደም ሲናገርም በዚያው እምነት ይሰማዋል፤ ስለዚህ ሳናጣራ በመናገራችን በደላችን ቀላል ነው ለማለት አንደፍርም። የጳውሎስም ምክር ለአንድ ለሚያውቀው ሕመምተኛ የተሰጠ ነበር፤ እኛ ግን ለሁሉ የሚሆን ፈቃድ አደረግነው።

ከቤቷ ድረስ ሄደን መሳሳታችንን ነገርናት፤ ሐኪሟ ያዘዘላትን እንድትጠብቅም ለመንናት። ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያም ከደጅ የተደፋውን ጋን እያየች፣ «እሺ አባ፣ አረቄውን ተውኩት። ለእንግዳውስ ማን ይቅመስልኝ?» አለች። ከጓዳ የነበረው ባሏ «እኔ» ሲል ሰማነው።