ዛፍን ማየትና ዛፍን ማትረፍ

ሰው ዛፍን ስለ ምን ይጠብቀዋል? ማገዶና ጥላ ስለሚሆነው ነውን፣ ወይስ ዛፉ በራሱ ክብር ስላለው? ጥያቄው ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን የሰውን ሕሊና የሚመረምር ነው።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው በሉማሜ አካባቢ ሜዳው ታርሶ፣ ባሕር ዛፉም ተሰልፎ ያያል። ጠቈር ያለ ደን በሩቅ በታየው ጊዜ ግን በዚያ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ወይራውና ጽዱ በአጥሩ ውስጥ የተረፉት መጥረቢያ ጠፍቶ ሳይሆን ፈሪሃ እግዚአብሔር ስለ ጠበቃቸው ነው።

በፈረንሳይ አገር ደግሞ ሌላ ጠባቂ ተነሥቶ ነበር፤ ይኸውም ዐይን ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ከፓሪስ በስተደቡብ በፎንቴንብሎ ደን ዳር፣ ባርቢዞን በምትባል መንደር ሠዓልያን ተሰበሰቡ። ቀድሞ በአገሩ የሥዕል ወግ ዛፍና ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ለጀግኖች ታሪክ መደገፊያ ነበሩ። ቴዎዶር ሩሶ ግን የባሉጥን ዛፍ እንደ ታላቅ ሰው ፊት አተኵሮ ሣለው። ዣን ፍራንስዋ ሚሌም «ፀደይ» በተባለው ሥዕሉ ጥቁሩ ደመና ገና ሳይገፈፍ፣ ቀስተ ደመና ተዘርግቶ፣ ዛፎቹ በድንገተኛ ብርሃን ሲታዩ አሳየ። ሩሶና ጓደኞቹ ዛፎቹ ሲቈረጡ ዝም አላሉም፤ አቤቱታቸውም ተሰምቶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1861 በንጉሠ ነገሥቱ በናፖሌዎን 3ኛ ዐዋጅ 1097 ሄክታር ደን ስለ ውበቱ እንዲጠበቅ ተደረገ።

ከሁለቱ ጠባቂዎች የትኛው ይበልጣል? ፍርሃት ጽኑ ነው፤ ነገር ግን ከአጥሩ አያልፍም። ዐይን ሩቅ ይደርሳል፤ ነገር ግን ምድጃዋ የቀዘቀዘባትን እናት ችግር ላያይ ይችላል። ሠዓሊው ሥዕሉን ጨርሶ ይሄዳል፤ ገበሬው ግን ማታ እሳት ማንደድ አለበት። እንግዲህ ለማገዶው ባሕር ዛፍ የተከለውን ሰው መንቀፍ አይገባም፤ ውበትን ለመውደድ ሲባል የድኻን ችግር መዘንጋት ራሱ በደል ነውና።

ነገር ግን ችግር ሳያስገድደን፣ ባለማስተዋል ብቻ የምንቈርጠው ዛፍ ብዙ ነው። ስለዚህ መምህር በሰኔ ደመናው ዝቅ ሲል ተማሪውን ወደ ሜዳ ያውጣው፤ የዚያን ዛፍ ስም፣ ዝናብ ሲቀርብም የቅጠሉ ቀለም እንዴት እንደሚለወጥ ይጠይቀው። ስሙንና መልኩን ያወቁትን ዛፍ በከንቱ ለመቍረጥ እጅ ይከብዳል። ተማሪውም ተመልክቶ ሲያበቃ ከአጥሩ ውጭ አንዲት ወይራ ይትከል፤ ፍርሃት የጠበቀውን ፍቅር ያስፋው።