የኤፌሶን ወጣቶችና የጎረቤታችን መጽሐፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከሙስሊም ጓደኞቻችን ጋር ስለ ሃይማኖት ስንወያይ ከአፋችን ፈጥኖ የሚወጣ አንድ ቃል አለ፤ «የቁርኣን ታሪክ ሁሉ ከእኛ የተወሰደ ነው» የሚል። ይህን የምንለው ግን መርምረን ነውን? እስቲ አንዱን ታሪክ እንመልከት።

በስንክሳራችን ነሐሴ 20 ቀን ሰባቱ የኤፌሶን ወጣቶች ይታሰባሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ249 እስከ 251 የነገሠው ዳኬዎስ ለጣዖት ስገዱ ባለ ጊዜ ወጣቶቹ በዋሻ ተሸሸጉ፤ በዚያም አንቀላፍተው በዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዘመን ነቁ። አንዱ እንጀራ ሊገዛ ወርዶ የዳኬዎስን ዘመን ገንዘብ ቢያወጣ ከተማው ተደነቀ፤ ነገሩም ለትንሣኤ ሙታን ምስክር ሆነ። በ521 ያረፈው ያዕቆብ ዘሥሩግ ይህንኑ ታሪክ በሱርስት ቋንቋ በቅኔ መልክ ጽፎታል።

«ዋሻው» በሚባለው በ18ኛው የቁርኣን ምዕራፍም ጣዖትን ሸሽተው በዋሻ ስለ ተኙ ወጣቶች ይነገራል። ሲነቁ አንዱን ገንዘብ አስይዘው ምግብ እንዲገዛ ይልኩታል። የከተማው ስም አልተጠቀሰም። ስለ ቍጥራቸው ግን ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ናቸው እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች እንዳሉ ያመለክታል። ስለዚህ ብዙ ሊቃውንት የሶርያ ክርስቲያኖች ታሪክ በነጋዴዎችና በመነኮሳት አፍ ወደ ዐረብ ምድር ደርሶ ነበር ይላሉ። ከእኛም አገር የሄደ ቃል አለ። የ5ኛው ምዕራፍ ስም «ማኢዳ» ከግዕዙ «ማእድ»፣ የጌታ ደቀ መዛሙርት የሚጠሩበት «ሐዋሪዩን» ደግሞ «ሐዋርያ» ከሚለው ቃል መምጣታቸውን ጀርመናዊው ሊቅ ቴዎዶር ኖልድከ በ1910 ጽፏል።

ሙስሊሞች ግን «ታሪኩ የተመሳሰለው ገላጩ አንድ አምላክ ስለ ሆነ ነው» ብለው ይመልሳሉ። እኛስ መመሳሰሉን ብቻ ይዘን ልንዘባበት ይገባናልን? በ1872 እንግሊዛዊው ጆርጅ ስሚዝ ከነነዌ በተገኘ የሸክላ ጽላት ላይ የኖኅን ዘመን የሚመስል የጥፋት ውኃ ታሪክ አነበበ። ያን ጊዜ የማያምኑ ሰዎች «መጽሐፍ ቅዱስ ከባቢሎን ቀዳ» አሉ። እኛም መመሳሰል ብቻውን ውሸት አያሰኝም ብለን እንመልሳለን። እንግዲህ በምንሰፍርበት መስፈሪያ እንደሚሰፈርልን ጌታ አስተምሮናል (ማቴ. 7፥2)። ለራሳችን የማንወደውን ክርክር በጎረቤታችን ላይ ማንሣት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ይህ ሲባል ልዩነቱን እንሸፍን ማለት አይደለም። በ4ኛው ምዕራፍ ቍጥር 157 ቁርኣን የክርስቶስን መሰቀል ይክዳል። እኛ ደግሞ ያለ መስቀሉ ድኅነት የለንም። ልዩነታችን ያለው እዚህ ላይ ነው። ስንጠየቅም ሐዋርያው ጴጥሮስ እንዳዘዘን በየዋህነትና በፍርሃት መልስ እንስጥ (1ኛ ጴጥ. 3፥15)።

አንድ የሚያሳፍረንን ነገር ግን አንሰውር። ከእኛ መካከል የእነዚህን ወጣቶች ታሪክ መጀመሪያ የሰማነው ከሙስሊም ጓደኛችን ነው። «የእኛ ነው» ብለን የተከራከርንለትን መጽሐፍ ገልጠን አናውቅም ነበር! የራሱን ቤት የማያውቅ ልጅ ስለ ጎረቤቱ ቤት ምን ሊናገር ይችላል? እንግዲህ ነሐሴ 20 ቀን በጠዋት እንነሣና ስንክሳሩ ሲነበብ እንስማ። ከክርክሩ በፊት ንባቡ ይቅደም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።