ምክትል መሆን ሽረት አይደለም

ልጆቼ፣ አለቃ ሆኖ ከርሞ መልሶ ምክትል መሆን በእኛ ዘንድ እንደ ውርደት ይቆጠራል። ሰውየው ምን አጥፍቶ ነው ይባላል፤ ዘመድ ያፍርለታል፤ ራሱም ቤቱን ዘግቶ መቀመጥን ይመርጣል። ይህ አስተሳሰብ ስንት የሚጠቅም ሰው ከሥራ ገበታ እንዳስቀረ ሳስበው ያንገበግበኛል። ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ሜክሲኳዊው አማካይ ስለ ቤንሃሚን ጋሊንዶ ላወጋችሁ የፈለግሁት። ኳስ የምትጫወቱ ከአጨዋወቱ ትማራላችሁ፤ ኳስ የማይስባችሁም ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ከመረጠው መንገድ የምትወስዱት አታጡም። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው።

ጋሊንዶ የተወለደው በ1960 በሜክሲኮ ሳካቴካስ ግዛት ነው። በታምፒኮ ክለብ ጀመረ፤ ከዚያ ወደ ክሩዝ አዙል ሄደ፤ በ1986 ደግሞ ቺቫስ እየተባለ ወደሚጠራው የጉዋዳላሃራ ክለብ ተዛወረ። ቺቫስ ሜክሲኳዊ ያልሆነ ተጫዋች የማያሰልፍ ክለብ ነው፤ በዚያ መለያ መንገሥ በሀገሩ ሰው ፊት ትልቅ ነገር ነው። በ1986–87 የውድድር ዘመንም ቺቫስ የቀድሞ ክለቡን ክሩዝ አዙልን በፍጻሜ አሸንፎ ዋንጫውን ሲያነሳ ጋሊንዶ በመሀል ሜዳው ነበረ። ተመልካቹ ‹መምህሩ› የሚል ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም። በሁለቱም እግሩ እኩል ይጫወት ነበር፤ ቅጣት ምትም ሆነ ፍፁም ቅጣት ምት በቀኝም በግራም ይመታ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ኳስ የምትጫወቱ ልጆች ስሙኝ። መሀል ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ኳስ ሲደርሰው ተጋጣሚው ከየት በኩል እንደሚመጣበት አይመርጥም። አንድ እግር ብቻ የሚያዝለት አማካይ ኳሷን ወደሚመቸው ጎን እስኪያዞር አንድ ንክኪ ያባክናል፤ በዚያች ንክኪ ውስጥ ተከላካዩ ይደርስበታል። ሁለት እግር ያለው ግን ወዴት እንደሚዞር አይታወቅበትም፤ የሚጠብቀው ሰው ሊገምተው ስለማይችል ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ያቺ ግማሽ እርምጃ ደግሞ ለማቀበያ ትበቃለች። ይህ ችሎታ ቁመት አይጠይቅም፤ ፍጥነትም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ግድግዳ፣ ኳስና ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውነታችሁ ገና ሳይጠነክር ደካማውን እግራችሁን አሠሩት። ሲያሳፍራችሁ፣ ኳሷ ስትሸሻችሁ፣ ጓደኞቻችሁ ሲስቁባችሁ አትተዉት። እንዲህ ያለ ነገር በሃያዎቹ መጨረሻ ሲጀመር ይከብዳል።

ደግሞ አንድ ትዕግሥት አለ። በ1986 የዓለም ዋንጫ በገዛ ሀገሩ ሲካሄድ ጋሊንዶ 25 ዓመቱ ነበር፤ አልተመረጠም። የሚቀጥለው የ1990 ዋንጫ ነበር። በዚያ ዘመን ግን የሜክሲኮ የወጣቶች ቡድን በማጣሪያ ውድድር ላይ ከተፈቀደው ዕድሜ በላይ የሆኑ ተጫዋቾችን አሰልፎ ተገኘ፤ ፊፋም ሜክሲኮን ከማንኛውም ዓለም አቀፍ ውድድር ለሁለት ዓመት አገደ። የሴኡል ኦሎምፒክ ቀረ፤ የጣሊያኑ የዓለም ዋንጫም ቀረ። ልብ በሉ፤ ያጭበረበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ምንም የማያውቅ የአንድ ትውልድ ተጫዋች ሁሉ ነው። ዕድሜያችሁን ቀንሱ የሚላችሁ ሰው ሲመጣ ይህን አስታውሱ። በውሸት የምትይዙት ቦታ የሌላ ሰው ነው፤ ቅጣቱም እናንተ ጋ ብቻ አይቆምም።

ጋሊንዶ ያን ሁሉ ዓመት ምን ሲያደርግ ቆየ? ሲጫወት። በ1993 ሜክሲኮ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮፓ አሜሪካ እንድትሳተፍ ተጋብዛ ኢኳዶር ስትሄድ ማንም ሳይጠብቃት ለፍጻሜ ደረሰች። በጉዋያኪል ከተማ ከአርጀንቲና ጋር ተገናኙ። የአርጀንቲናው አጥቂ ባቲስቱታ አገባ፤ ጋሊንዶ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፤ ባቲስቱታ ደገመና ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ የሜክሲኮ ቡድን አባል ሲሆን 33 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ ብዙ ሰው ጫማውን ሰቅሏል።

እሱ ግን ገና ሁለት ዋንጫ ቀርቶት ነበር። በ1996 መጨረሻ ሳንቶስ ላጉና በታሪኩ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሳ አምበሉ እሱ ነበር፤ ወሳኟን ጎል በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ደግሞ ገና ወጣት የነበረው ሃሬድ ቦርጌቲ ነው። በ1997 መጨረሻ ክሩዝ አዙል ከአሥራ ሰባት ዓመት ጥበቃ በኋላ ሊዮንን በወርቃማ ጎል አሸንፎ ሲነግሥም ጋሊንዶ እዚያው መሀል ሜዳ ላይ ነበር። ክሩዝ አዙል ከዚያ ወዲህ ሌላ የሊግ ዋንጫ ያየው በ2021 ነው። እግር ሲዝል አእምሮ ይሮጣል፤ ኳስ ከመድረሷ በፊት የት እንደምትሄድ ያወቀ ሰው ብዙ መሮጥ አይጠበቅበትም።

ከዚያ አሰልጣኝ ሆነ። ስለዚህኛው ዘመኑ በአጭሩ ልንገራችሁ። በ2005 ቺቫስን ይዞ በኮፓ ሊበርታዶሬስ የአርጀንቲናውን ቦካ ጁኒየርስን 4 ለ 0 አሸነፈ። በ2008 ክሩዝ አዙልን ለፍጻሜ አድርሶ በመለያ ምት በቶሉካ ተሸነፈ። በ2011 ሳንቶስን ለፍጻሜ አደረሰና በቲግሬስ ተሸነፈ። ከስድስት ወር በኋላ፣ በ2012፣ ያው ሳንቶስ ሞንቴሬይን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለት ፍጻሜ ተሸንፎ ለሦስተኛው የተነሳ ሰው ነው።

እንግዲህ አስቡት። በተጫዋችነት የሦስት ክለብ ሻምፒዮን፣ በዋና አሰልጣኝነት የሊግ ዋንጫ ባለቤት፣ ሀገር ሙሉ መምህር የሚለው ሰው ነው። ለ2019 የውድድር ዘመን አርጀንቲናዊው ማቲያስ አልሜይዳ በካሊፎርኒያ የሳን ሆዜ ኧርዝኩዌክስ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሲሾም ጋሊንዶ አብሮት ሄደ፤ ምክትል ሆኖ። አልሜይዳ በዕድሜ አሥራ ሦስት ዓመት ያንሰዋል። ቡድኑ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የሊጉ መጨረሻ ሆኖ ያጠናቀቀ ነበር። ክብር ፍለጋ እንዲህ ያለ ቦታ አይኬድም።

‹ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል› የሚለውን አባባል ታውቁታላችሁ። እኔ ይህን አባባል አልወደውም። ወንበርን እንደ ማዕድ፣ ከወንበር መውረድንም እንደ ረሃብ ያስቆጥራል። ሥራውን የወደደ ሰው ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ እጠቅማለሁ ወይስ አልጠቅምም?

የምክትል አሰልጣኝ ሥራ ምን እንደሆነ ብዙ ወጣት አያውቅም። ዋናው አሰልጣኝ ስለ አሰላለፍ፣ ስለ ጋዜጠኛና ስለ ክለቡ ባለቤቶች ሲጨነቅ፣ ምክትሉ ከልምምድ በኋላ አንዱን ልጅ ለብቻው አስቀርቶ የአካል አቋሙን ያስተካክልለታል። ከቋሚ አሰላለፍ የወጣው ተጫዋች ኩርፊያውን ይዞ የሚሄደው ወደ ምክትሉ ነው። ተጋጣሚን ያጠናል፤ በጨዋታ መሀል አለቃው ያላየውን ያያል። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ አለቃው ሲሳሳት በሰው ፊት ዝም ብሎ፣ በር ተዘግቶ ለብቻቸው ሲሆኑ እውነቱን መናገር ነው። ይህን ለማድረግ ለአለቃው ወንበር የማይጎመጅ ሰው ያስፈልጋል። ወንበሩን የሚመኝ ምክትል ወይ ያጎበድዳል ወይ ያሴራል። ወንበሩን ይዞ ያየው፣ ጠግቦትም የተነሳው ሰው ግን በነፃነት ይናገራል። እንዲህ ያለ ምክትል ያገኘ አለቃ ዕድለኛ ነው እላለሁ።

አልሜይዳ ቡድኑን በሜዳው ሁሉ ሰው ለሰው እየያዘ እንዲጫወት አደረገው፤ በዘመናችን ጥቂት አሰልጣኝ ብቻ የሚደፍረው አጨዋወት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሳን ሆዜ ከመጨረሻነት ተነስቶ መሀል ሰፋሪ ሆነ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የቡድኑ አጥቂ ክሪስ ዎንዶሎውስኪ በአንድ ጨዋታ አራት ጎል አግብቶ የሊጉን የምንጊዜም ጎል አግቢነት ክብረ ወሰን ሰበረ። ዜናው የዎንዶሎውስኪ ነበር፤ ምስጋናው ለአልሜይዳም ደረሰ። የምክትል ስም በእንዲህ ያለ ዜና አይጻፍም። ምክትል ለመሆን የምትፈልጉ ይህን ከመጀመሪያው ልትቀበሉት ይገባል፤ ካልተቀበላችሁት ሥራው መራራ ይሆንባችኋል።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ሊጉ ቆሞ ሳለ፣ ግንቦት ውስጥ ጋሊንዶ በጉዋዳላሃራ በስትሮክ ተመታ። በአስቸኳይ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። (እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ የአባታችሁ ወይም የእናታችሁ ፊት በአንድ በኩል ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል ወይም ንግግር ሲተሳሰር ካያችሁ፣ ይሻለዋል ብላችሁ አታስተኙ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱ።) ወሬው እንደተሰማ ‹በርታ፣ መምህር› የሚል መልእክት ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ጀመር። የተጫወተባቸው ክለቦች፣ ያሠለጠናቸው ልጆች፣ በተቃራኒው የተሰለፉ ተጫዋቾች ጭምር ጸለዩለት። ዳነ፤ ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ረጅሙ የማገገሚያ ሕክምና ገባ።

በዚያች ሰዓት የጋሊንዶ ሥራ ምክትል አሰልጣኝነት ነበር። ያን ቀን ስለ ሹመቱ ያነሳ ሰው አልሰማሁም። የ2012ቱ ዋንጫ ትልቅ ነው፤ እኔ ግን ከዋንጫው ይልቅ በ58 ዓመቱ ሻንጣውን ሸክፎ ታናሽ ወንድሙ ሊሆን ከሚችል ሰው ሥር ለመሥራት መሄዱን አስበልጣለሁ። አልሜይዳንም አደንቃለሁ። ከእሱ ይልቅ በሜክሲኮ ስሙ የገነነን ሰው ከጎኑ ማስቀመጥ አላስፈራውም።

እንግዲህ ከእናንተ መካከል በዕድሜ የሚያንስህ ሰው አለቃ ሆኖ ምክትል ሁነኝ ያለህ ካለ፣ መልሱን አታሳድር፤ እሺ በለው። አንቺም በወጣትነትሽ ኃላፊነት የተሰጠሽ ከሆነ፣ በሥራው የቆየውን ታላቅሽን ፈልጊው፤ ከጎንሽ አስቀምጪውና ጠይቂው።