ማጉረስና መጋት፦ ለሕፃናት መጽሐፍ ስለ ማንበብ

የወደዱትን ታሪክ ለልጅ ማካፈል ከመልካም ሥራዎች አንዱ መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ይህ መልካም ሥራ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም እኛ የወደድነውን ልጁም እንዲወደው የመጠየቅ መብት አለን ወይ የሚል ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ጊኒር የምትኖረውን እኅቴን ልጠይቅ ስሄድ፣ በልጅነቴ እጅግ እወደው የነበረውን አንድ የተረት መጽሐፍ ለስድስት ዓመት ልጇ ይዤላት ሄድሁ። ማታ ከእራት በኋላ ልጨርስላት ያሰብሁት ያንኑ ነበር። እርስዋ ግን ሽፋኑ የተገነጠለ፣ የጅብ ተረት የሚናገር ቀጭን መጽሐፍ አምጥታ፣ «አባ፣ ይሄን ያንብቡልኝ» አለችኝ። «ትናንት ሰምተሽው የለም?» ብላት፣ «ዛሬም» አለች። እኔ ግን የራሴን ከፍቼ፣ ምክሩንም ጨምሬ እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። ልጅቱ በጨዋነት ዝም ብላ ሰማችኝ። በማግሥቱ ማታ አጠገቤ ስትቀመጥ በእጇ ምንም መጽሐፍ አልነበረም። ያ ባዶ እጅ ከወቀሳ ይልቅ ኅሊናዬን ነካው።

መጽሐፉ መጥፎ አልነበረም፤ የእኔም ሐሳብ ክፉ አልነበረም። ታዲያ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? ቋንቋችን ማጉረስና መጋት የሚሉ ሁለት ቃላት አሉት። የሚያጎርስ ሰው ጉርሻውን በፍቅር ጠቅልሎ ይዘረጋል፤ ተጎራሹም አፉን ይከፍታል። የሚግት ግን አፍ እስኪከፈት አይጠብቅም፤ ለመድኃኒት ካልሆነ በቀር ለማዕድ አይገባም። እኔ በዚያች ማታ ያነበብሁት ለልጅቱ ሳይሆን ለገዛ ልጅነቴ ነበር፤ ለእርስዋ ግን ጋትኋት።

ቅዱስ አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ስለ ትምህርት ዘመኑ ሲናገር፣ የላቲኑን ተረት ወድዶ የግሪኩን ሆሜር ግን እንደ ጠላ ይመሰክራል። ላቲኑን ከሞግዚቶቹ አፍ በሳቅና በጨዋታ ለመደው፤ ግሪኩ ግን በማስፈራራትና በቅጣት መጣበት። ስለዚህም ነጻ የማወቅ ፍላጎት ከፍርሃት ይልቅ ያስተምራል ወደሚል አሳብ ደረሰ። ይሁን እንጂ በተረት ላይ ያፈሰሰውን እንባ በኋላ ስለ ነቀፈ፣ ቅዱሱ ልቅነትን ደገፈ ማለት አይቻልም።

ከአገራችንም ምስክር አለ። በደቡብ ኢትዮጵያ ያደጉት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከትምህርት ቤት ውጭ የመጀመሪያውን መጽሐፍ በእጃቸው የያዙት በ19 ዓመታቸው ሲሆን፣ እርሱም ተራ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። ብዙዎቻችን «የማይረባ» ብለን የምንቀማው ዓይነት ነው። እኒህ ሰው በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ፤ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን መጽሐፍ እንዳልነበረ ባዩ ጊዜም የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ በአዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ያን የመጀመሪያ መጽሐፍ አንድ ጥብቅ ሰው ነጥቋቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር?

«ታዲያ ልጅ ያሻውን ያንብብ ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። የቤቱን በር የመጠበቅ ኀላፊነት የወላጅ ነው። ጭካኔን የሚያስወድድ፣ ሌላውን ሕዝብ የሚያንቋሽሽ መጽሐፍ ለሕፃን አይሰጥም። ነገር ግን «ይህ ይጎዳዋል» እና «ይህ እኔን አይማርከኝም» የሚሉት ሁለት ፍርዶች የተለያዩ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን የመጀመሪያውን ልብስ እናለብሰዋለን። ልጅቱ የጅቡን ተረት አሥር ጊዜ መስማትዋ ለእኔ አሰልቺ ነው፤ ለእርስዋ ግን ሌሊት ከደጅ የምትሰማውን ጩኸት በዘመድ እቅፍ ውስጥ ሆና መልመድ ነው።

ይህን ጥበብ የቀድሞ ተራኪዎቻችን ያውቁት ነበር። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ብሎ የልጆቹን መልስ ይጠብቃል፤ እነርሱ ካልመለሱ ተረቱ አይጀመርም። ይህ ፈቃድ መጠየቅ አይደለምን? የባሌ ተወላጅ የነበሩት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከ40 ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ሲተርኩ፣ የማያዩአቸውን ሕፃናት ፊት ለፊት እንደ ተቀመጡ አድርገው ሰላምታ እየሰጡ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ በዚያ ሰላምታ ያደጉ ብዙዎች አለቀሱላቸው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ሁለት መጻሕፍት በምታነቡበት ማታ አንዱን ልጁ ይምረጥ። በአካባቢያችን ብዙ ልጆች በኦሮምኛ ስለሚማሩ፣ ተረቱን በዚያ ቋንቋ ንገሩኝ ቢሉ ደስ ይበላችሁ። አንብባችሁ ስትጨርሱም «ምን ተማርህ?» ከማለት በፊት «የቱ ደስ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ስሙ።

እኔ በሚቀጥለው ጉዞዬ ጅቡን አነበብሁላት። ጅቡ ዋሻው ውስጥ ሲደበቅ አቋርጣኝ፣ «ሶፍ ዑመር ነው?» አለች። ያነበብሁት መጽሐፍ ስለዚያ አንዳች አይልም፤ ጥያቄው ግን ከምክሬ ሁሉ የበለጠ ነበር። እኔ የወሰድሁላት መጽሐፍ እጇ ከሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። እስካሁን አልጠየቀችኝም። እኔም እጄን ዘርግቼ እጠብቃለሁ።