ለተፈረደበት ሰው ይግባኝ ስለ ማለት

አንድ ሰው ቤት ሰብሯል ወይም ቀምቷል ተብሎ ከተፈረደበት በኋላ ይግባኝ ሲል ብዙዎች ፊታቸውን ያጠቍራሉ። «ሌባ ደግሞ ምን አፍ አለው?» ይላሉ። ይህን የሚሉት ክፉዎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ ብዙዎቹ ደክመው ያፈሩትን በአንድ ሌሊት የተነጠቁ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። አጥፍቶ ሊሆን የሚችለውን ሰው በይግባኝ መርዳት ከሌባ ጋር መተባበር ነውን?

«ይግባኝ» ስንል ነገሬ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ ማለታችን ነው እንጂ ንጹሕ ነኝ ማለታችን አይደለም። ሁለቱ ነገሮች በሰው አእምሮ ውስጥ ስለሚደባለቁ ብዙ ስሕተት ይወለዳል። በአሜሪካ አገር የተፈጸሙ ሁለት ነገሮች ልዩነቱን ያሳያሉ። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።)

በሜሪላንድ ግዛት ስሚዝ ቤትስ የሚባል ሥራ ያጣ የእርሻ ሠራተኛ በቅሚያ ወንጀል ተከሰሰ። ለጠበቃ የሚከፍለው ስላልነበረው ጠበቃ ይቁምልኝ ብሎ ለመነ። ዳኛው ግን በዚያ አውራጃ ለድኻ ጠበቃ የሚቆመው በነፍስ ግድያና በአስገድዶ መድፈር ብቻ ነው አለው። ስለዚህ ራሱ ምስክር ጠርቶ፣ ራሱ ጠይቆ፣ 8 ዓመት ተፈረደበት። ነገሩ እስከ መጨረሻው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1942 ዓ.ም. ስድስቱ ዳኞች፣ ይህ ሰው 43 ዓመት የሆነው፣ አእምሮው እንደ ማንኛውም ሰው የሆነ፣ ፍርድ ቤትንም ከዚህ በፊት ያየ ስለ ሆነ ራሱን መከላከል ይችላል ብለው ይግባኙን ጣሉት። ከተቃወሙት ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሁጎ ብላክ ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በፍሎሪዳ፣ ፓናማ ሲቲ በምትባለው ከተማ፣ አንድ የፑል መጫወቻ ቤት ተሰብሮ መጠጥና ከመሸጫ መኪናዎቹ ውስጥ ሳንቲም ተወሰደ። የተከሰሰው ክላረንስ ኧርል ጊዲዮን ከዚያ ቀደም የታሰረ፣ ትምህርቱም ከ8ኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነበር። እርሱም ጠበቃ ለመነ፣ ተከለከለ፣ 5 ዓመት ተፈረደበት። ከወህኒ ቤት ሆኖ በእስረኞች ወረቀት ላይ በእርሳስ አቤቱታውን ጻፈ። ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ኤብ ፎርታስ የተባለውን ጠበቃ አቆመለትና መጋቢት 1963 ዓ.ም. ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ፈረዱለት። ፍርዱን የጻፈው ያው ሁጎ ብላክ ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ዘጠኙ ዳኞች ጊዲዮን አልሰረቀም አላሉም። ያለ ጠበቃ የተፈረደው ፍርድ ይፍረስ አሉ እንጂ። ወደዚያው ከተማ፣ ወደዚያው ዳኛ ፊት ተመለሰ፤ አዲስ የሆነው ፍሬድ ተርነር የሚባል ጠበቃ አጠገቡ መኖሩ ነበር። አንድ ባለታክሲ፣ ጊዲዮን «አየሁት ብለህ ለማንም አትናገር» እንዳለው መሰከረ። ይህ ብቻውን ሲሰማ ሰውን የሚያስኰንን ቃል ነው። ጠበቃው ግን ከዚህ በፊትስ እንዲህ ብሎህ ያውቃልን? ብሎ ጠየቀው። አዎን፣ ሁልጊዜ ይላል፤ ከሚስቱ ጋር ጠብ ስላለበት ነው አለ። ተርነር ዋናውን የከሳሽ ምስክርም ራሱን እስኪያስጠረጥር ድረስ መረመረው። ሸንጎው አንድ ሰዓት ያህል ከተማከረ በኋላ ጊዲዮንን ነጻ ለቀቀው።

በክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት የቆመ ሰው ይህን ነገር በትንሹ ያውቀዋል። እርሳስ ሲጠፋ አንደበተ ርቱዕ የሆነው ልጅ ያመልጣል፤ አፉ የሚተሳሰረው ይቀጣል። መንተባተብና ማጥፋት ግን አንድ አይደሉም።

የተዘረፈው ሰውስ? የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ዳሩ ግን የተዘረፈው ሰው የሚፈልገው የዘረፈውን ነው እንጂ ማንኛውንም ታሳሪ አይደለም። ያልሰረቀው ታስሮ ከሆነ የሰረቀው ያን ጊዜ ሁሉ በነጻ ሲዘዋወር ኖሯል ማለት ነው።

ይልቅስ የሚከብደው ሌላ ነው። ማጥፋቱን ልቡ የሚያውቅ ሰው ይግባኝ ሊል ይገባዋልን? በእኔ አሳብ፣ በደንብ አልተሰማሁም ወይም ቅጣቱ ከጥፋቴ በዝቷል ካለ እውነት ተናግሯልና ይገባዋል። አልነበርኩበትም ብሎ ከማለና የሐሰት ምስክር ካሰለፈ ግን በመጀመሪያው በደል ላይ ሁለተኛ ይጨምራል፤ ይህን እያወቀ የሚረዳው ጠበቃም ተካፋይ ነው። አንዳንድ ጠበቆች በዚህ ይቈጡኝ ይሆናል፤ ይቈጡ።

በእኛም አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የመክፈል አቅም ለሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን፣ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ይላል፤ ይግባኝ የማለትንም መብት ይሰጣል። መልካም ነው። ነገር ግን ይግባኝ የቀን ገደብ አለው፤ ማንበብ የማይችል እስረኛ ያን ቀን የሚያውቀው የሚነግረው ሰው ሲኖር ነው። ዘመዶቹ አፍረውበት ከራቁትስ ማን ይነግረዋል?

ስለ ቤትስ አንድ ነገር ልጨምር። የተሸነፈበት ሕግ እስኪሻር 21 ዓመት ፈጀ። ሁጎ ብላክ የ1963ቱን ፍርድ ሲጽፍ፣ በቤትስ ላይ የተፈረደው 8 ዓመት ካለቀ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።