በተበደሩት ዜማ መተረብ

ፓሮዲ የሌላውን ሥራ እያስመሰለ በዚያው ሥራ ላይ የሚሳለቅ ፈጠራ ነው። ችግሩም ከዚሁ ይነሣል። ሰሚው የሚስቀው ዋናው ትዝ ሲለው ብቻ ስለሆነ ተራቢው ከሰው ንብረት ሳይቆነጥር ሥራው አይቆምም። ላስፈቅድ ቢልም፣ ሊሳቅበት ደስ ብሎት የሚፈርም ባለቤት ብዙ አይገኝም። በዚህ ሳቢያ የቅጂ መብት ሕግ አንድ ፍልስፍናዊ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ሥራውን የፈጠረ ሰው በሥራው ላይ የሚሰጠውን ፍርድም በባለቤትነት ይይዛል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥያቄውን በሚገባ የመረመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ቱ ላይቭ ክሩ የተባለው የራፕ ቡድን የሮይ ኦርቢሰንን የ1964 ዘፈን «ኦ፣ ፕሪቲ ውማን»ን ሊተርብ ፈልጎ፣ እንደሚከፍልም ገልጾ፣ በ1989 አሳታሚውን አከፍ ሮዝን ፈቃድ ጠየቀ። አሳታሚው እምቢ አለ፤ ቡድኑ ግን ዘፈኑን አወጣው። ዝነኛው የቤዝ ጊታር መግቢያና የመጀመሪያው ስንኝ ከዋናው የተወሰዱ ናቸው። ከዚያ በኋላ ግን ኦርቢሰን መንገድ ላይ አይቶ የተማረከባት ቆንጆ ጠፍታ ጸጉራም፣ መላጣና ከዳተኛ ሴቶች ይተኳታል።

አሳታሚው በመሠረተው ክስ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ዘፈኑ ለትርፍ መሠራቱን አክብዶ በቡድኑ ላይ ፈረደ። ዳኛ ዴቪድ ሱተር የጻፉት፣ ዘጠኙም ዳኞች የተስማሙበት ውሳኔ ይህን ሻረው። በ1976ቱ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ፍትሐዊ አጠቃቀም፣ ማለትም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሥራው መጠቀም የሚፈቀድበት ሁኔታ፣ በ4 ነጥቦች ይመዘናል፤ እነሱም የአጠቃቀሙ ዓላማ፣ የዋናው ሥራ ጠባይ፣ የተወሰደው መጠንና በገበያ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ናቸው። ከሁሉ የሚያስደንቀው የመጨረሻው ነጥብ የተተረጎመበት መንገድ ነው። ፓሮዲው ዋናውን አዋርዶ ፈላጊ ቢያሳጣው ሕጉ ይህን እንደ ጉዳት አይቆጥረውም፤ ክፉ ሂስም ቢሆን ገበያ ይዘጋልና። የተከለከለው ገዢው በቅጂው ረክቶ ዋናውን እንዲተው ማድረግ ነው። ቀልዱ ጨዋ ይሁን ባለጌ ዳኞቹ ሊመዝኑ አልፈለጉም፤ ደግ አደረጉ።

የመዘኑት የሚሳለቀው በማን ላይ እንደሆነ ነው። ፓሮዲ የተበደረውን ሥራ ራሱን ስለሚተች ለብድሩ ምክንያት አለው። በሰው ዜማ ስለ ሌላ ጉዳይ የሚሳለቅ ግን ለምን ያንኑ ዜማ እንደመረጠ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ የጠራውን ያህል በሳቅ ውስጥ አይጠራም። የፍቅር ዘፈንን አክፍቶ የሚዘፍን ሰው በዘፈኑ ይስቃል ወይስ ዘፈኑን በወደደው ዘመን የዋህነት?

የንግድ ምልክት ሕግ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ገዢው ዕቃውን ማን እንደሠራው ተሳስቶ ይሆን? በ2023 ለዚሁ ፍርድ ቤት የቀረበው የጃክ ዳኒየልስን ውስኪ ጠርሙስ የመሰለ፣ ሲነክሱት ሲጥ የሚል የውሻ መጫወቻ ነበር። ስሙ «ባድ ስፓኒየልስ» ነው፤ የአልኮሉ መጠን በተጻፈበት ቦታ ደግሞ 43 በመቶ የውሻ ኩስ እንዳለበት ተጽፏል። ዳኛ ኤሌና ኬገን እንደጻፉት፣ አምራቹ ቀልዱን የራሱ ዕቃ መለያ አድርጎ እስከተጠቀመበት ድረስ ለኪነ ጥበብ የሚሰጠው ልዩ ከለላ አይደርሰውም። ቀልድነቱ ግን ከንቱ አይቀርም፤ ገዢው ተሳስቷል አልተሳሳተም ሲባል ይቆጠርለታል። በራሱ ዕቃ ላይ እንዲህ የሚያላግጥ ነጋዴ እምብዛም የለምና።